ከባሕር ዳር ጅማ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጣደፍ ሰው ነው። ለቅሶ ሊደርስ ነው፤ ወይም ሪፈር የተጻፈላትን እናቱን ሐኪም ዘንድ ሊያደርስ ነው፤ ወይም ልጁን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ በማግስቱ ሥራው ላይ መገኘት አለበት። ስልኩን ያወጣና የሁለቱን ከተሞች ስም ይጽፋል፤ «440 ኪሎ ሜትር፣ 1 ሰዓት» የሚል መልስ ይመጣለታል። ያንን ይዞ «ጠዋት ወጥቼ ለምሳ እደርሳለሁ» ብሎ ቤተሰብ ያስጠብቃል። የሚደርሰው ግን ሲመሽ ነው፤ አንዳንዴም በማግስቱ።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ከአንዱ አየር ማረፊያ እስከ ሌላው ያለው ቀጥታ መስመር በእርግጥም ያን ያህል ነው። ኮምፒውተሩ መስመሩን ለክቶ በጄት ፍጥነት አካፈለ፤ በዚያ መስመር ላይ የሚበር አውሮፕላን ይኑር አይኑር ግን አልጠየቀም። በሁለት የክልል ከተሞች መካከል ጉዞው የሚፈጀውን ጊዜ የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው ርቀቱ ሳይሆን አዲስ አበባ ላይ የሚያልፈው ሰዓት ነው። ስለዚህ ስሌቱን ራስዎ ይሥሩት። የሚያስፈልግዎ ካርታ ያለው ስልክ፣ የካሬ ሥር ማውጣት የሚችል ካልኩሌተር፣ ወረቀትና እርሳስ ነው። ሩብ ሰዓት ቢፈጅብዎ ነው፤ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ያድርጉት እንጂ ከቆረጡ በኋላ ብዙም አይጠቅምዎትም።

1. አየር ማረፊያውን በትክክል ይለዩ

የሚለካው ርቀት ከአየር ማረፊያ እስከ አየር ማረፊያ ነው፤ ከከተማ እስከ ከተማ አይደለም። ደሴ የሚሄድ ሰው የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ባሌ ውስጥ ያለው ማረፊያ ደግሞ ለጎባም ለሮቤም አንድ ነው። ጎንደር የሚያርፍ ሰው አዘዞ በኩል ወርዶ ወደ ከተማው መሃል ገና መኪና ይይዛል።

እያንዳንዱ ማረፊያ በዓለም የሚታወቅበት ሦስት የላቲን ፊደል አለው። የአዲስ አበባው ኤ-ዲ-ዲ፣ የባሕር ዳሩ ቢ-ጄ-አር፣ የጅማው ጄ-አይ-ኤም፣ የላሊበላው ኤል-ኤል-አይ፣ የድሬዳዋው ዲ-አይ-አር፣ የመቀሌው ኤም-ኪው-ኤክስ ነው። እነዚህን ፊደሎች ወረቀትዎ ላይ ይጻፉ፤ በኋላ ሻንጣዎ ላይ የሚታሰረውን ወረቀት የሚያነቡት በእነሱ ነው።

እዚህ ላይ የሚሠራ አንድ ከባድ ስህተት አለ። የጎንደር መለያ ጂ-ዲ-ኪው ነው፤ የጎዴ ደግሞ ጂ-ዲ-ኢ ነው። አንዱ ሰሜን ምዕራብ፣ ሌላው ሶማሌ ክልል ውስጥ ዋቢ ሸበሌ ዳር ነው። በስልክ ትኬት የሚያስቆርጥልዎ ሰው ካለ የመጨረሻውን ፊደል ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎ ያድርጉ።

2. ቀጥታውን ርቀት ይለኩ

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ጉግል ማፕ ነው። የመነሻው ማረፊያ ላይ ጣትዎን አሳርፈው ትንሽ ያቆዩት፤ ምልክት ይወጣል። ከታች ከሚመጡት ምርጫዎች ርቀት መለኪያውን ይንኩና ካርታውን እየጎተቱ መድረሻው ማረፊያ ላይ ያድርሱት። የሚወጣው ቁጥር በአየር ያለው ርቀት ነው። የሁለቱን ከተሞች ስም ጽፈው «መንገድ አሳየኝ» ካሉት ግን የሚሰጥዎ የመኪና መንገድ ርዝመት ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

ኔትወርክ በሌለበት የሚሠራው ሁለተኛው መንገድ በእጅ ማስላት ነው፤ እኔ ይህኛውን እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ውጤቱ ከየት እንደመጣ ያዩታል። የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይያዙ። ባሕር ዳር 11.61 እና 37.32 ነው። ጅማ 7.67 እና 36.82 ነው። ከዚያ እንዲህ ያድርጉ፦

የኬክሮሶቹን ልዩነት በ111 ያባዙ። 11.61 ሲቀነስ 7.67 እኩል ይሆናል 3.94፤ በ111 ሲባዛ ወደ 437 ኪሎ ሜትር። ይህ ሰሜንና ደቡብ ያለው ርቀት ነው።

የኬንትሮሶቹን ልዩነት በ109 ያባዙ። 37.32 ሲቀነስ 36.82 እኩል ይሆናል 0.50፤ በ109 ሲባዛ ወደ 55 ኪሎ ሜትር። ይህ ምሥራቅና ምዕራብ ያለው ነው።

ሁለቱን ውጤቶች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተው ይደምሩ፤ የድምሩን የካሬ ሥር ያውጡ። 441 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል።

111 እና 109 ከየት መጡ? አንድ ዲግሪ ኬክሮስ በምድር ላይ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። የኬንትሮስ መስመሮች ግን ወደ ዋልታ በሄዱ ቁጥር እየተጠጋጉ ስለሚመጡ አንድ ዲግሪያቸው ያጥራል፤ በእኛ አገር አክሱም አካባቢ ወደ 108፣ ሞያሌ አካባቢ ወደ 111 ይደርሳል። 109ን ለሁሉም ቢይዙ የሚፈጠረው ልዩነት ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ለጉዞ ዕቅድ ምንም አይጎዳም። ይህ ቀመር ምድርን እንደ ጠፍጣፋ ወረቀት ስለሚቆጥር ለአገር ውስጥ ብቻ ይጠቀሙበት። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለውን በዚህ ላስላ ቢሉ እጅግ የራቀ ቁጥር ይወጣል።

ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዳይገለባበጡብዎ የሚረዳ ቀላል ምልክት አለ። ኢትዮጵያ በኬክሮስ ከ3 እስከ 15፣ በኬንትሮስ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ባለው ውስጥ ናት። ትንሹ ቁጥር ሁልጊዜ ኬክሮስ፣ ትልቁ ሁልጊዜ ኬንትሮስ ነው።

ሌላው ወጥመድ መለኪያው ነው። ያው 441 ኪሎ ሜትር በማይል 274፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 238 ነው። ያነበቡት ርቀት ከገመቱት በጣም ያነሰ ከመሰለዎ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ ይዩ። ማይልን በ1.609፣ የባሕር ማይልን በ1.852 ቢያባዙ ኪሎ ሜትር ያገኛሉ።

3. አውሮፕላኑ በየት እንደሚሄድ ይወቁ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቢዘሉ እንኳ ይህን አይዝለሉ።

የአገር ውስጥ የበረራ መስመሮች እንደ ጃንጥላ ዘንጎች ናቸው፤ ሁሉም ከአንድ ጫፍ፣ ከቦሌ፣ ተነሥተው ወደየአቅጣጫው ይወጣሉ። ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው ለመሻገር ወደ ጫፉ መመለስ ግድ ነው። ለአንዳንድ ጥንድ ከተሞች ግን ቀጥታ በረራ የሚኖርበት ወቅት አለ፤ አንዳንዱ በረራም መንገድ ላይ ሌላ ከተማ አርፎ ይቀጥላል። ስለዚህ በመጀመሪያ የአየር መንገዱን መተግበሪያ ከፍተው ሁለቱን ከተሞችና የሚጓዙበትን ቀን ያስገቡ፤ የሚመጣው ውጤት በመካከል ኤ-ዲ-ዲ የሚል ካለበት ጉዞዎ በአዲስ አበባ በኩል ነው። ለአንድ ቀን ብቻ አይዩ። ሰኞ የሌለ በረራ ረቡዕ ሊኖር ይችላል፤ ቀኑን አንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያደረጉ ይፈልጉ።

በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ ርቀቱን እንደገና በሁለት ቁራጭ ያስሉ። አዲስ አበባ 8.98 እና 38.80 ናት። በዚያው ቀመር ከባሕር ዳር አዲስ አበባ 333 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ጅማ 260 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ድምሩ 593 ነው፤ ከቀጥታው 441 በ152 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ይህ ጭማሪ ግን ለሁሉም ጥንድ ከተሞች እኩል አይደለም፤ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ካርታውን ማየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ጎንደርንና አርባ ምንጭን ይውሰዱ። ቀጥታው መስመር 720 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአዲስ አበባ በኩል 420 እና 352 ሲደመር 772 ይሆናል። አዲስ አበባ በመካከላቸው ስለተቀመጠች ዙሩ ከምንም አይቆጠርም። አሁን ጎንደርንና ላሊበላን ይውሰዱ። ቀጥታው 180 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በአዲስ አበባ በኩል ግን 420 ወርደው 333 ተመልሰው ይወጣሉ፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከአራት እጥፍ በላይ። ሁለቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ በአንድ በኩል ሲሆኑ የሚሆነው ይህ ነው።

ስለዚህ ካርታው ላይ ጣትዎን አዲስ አበባ ላይ አድርገው ሁለቱን ከተሞች ይመልከቱ። በተቃራኒ አቅጣጫ ከሆኑ በአውሮፕላን መሄዱ ያዋጣል። በአንድ ጎን፣ አንዱ ከሌላው አጠገብ ከሆኑ ትኬት ከመግዛትዎ በፊት ደረጃ 7ን ያንብቡ።

4. የእያንዳንዱን በረራ ሰዓት ያስሉ

በአገር ውስጥ መስመር በብዛት የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8፣ ብዙዎች ኪው 400 የሚሉት ነው። አየር ላይ ከተስተካከለ በኋላ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል። ነገር ግን አጭር በረራ አብዛኛው መውጣትና መውረድ ስለሆነ በዚያ ፍጥነት የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ለዚህ የምጠቀምበት ግምት እንዲህ ነው፦ ኪሎ ሜትሩን በ9 ያካፍሉ፤ ውጤቱ ደቂቃ ነው። በዚያ ላይ 20 ደቂቃ ይጨምሩ። ሃያው ደቂቃ አውሮፕላኑ መሬት ላይ እየተንከባለለ ወደ ማኮብኮቢያው የሚሄድበት፣ ከፍታ የሚይዝበትና ለማረፍ የሚዞርበት ጊዜ ነው።

ለባሕር ዳር አዲስ አበባ፦ 333 ሲካፈል ለ9 እኩል ይሆናል 37፤ ሲደመር 20፣ 57 ደቂቃ። ለአዲስ አበባ ጅማ፦ 260 ሲካፈል ለ9 ወደ 29፤ ሲደመር 20፣ 49 ደቂቃ። ትኬቱ ላይ የሚያዩት ከዚህ አሥር ደቂቃ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ነው።

በጄት የሚሸፈን መስመር ከሆነ ኪሎ ሜትሩን በ13 አካፍለው 28 ያህል ደቂቃ ይጨምሩ። ለባሕር ዳር ይህ 54 ደቂቃ ይመጣል። እንግዲህ ጄት ሆነ ፕሮፔለር፣ በዚህ ርቀት ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ለጄት ብለው የማይመች ሰዓት አይምረጡ።

ትኬት ላይ የተጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከሚነቃነቅበት እስከ መድረሻው ላይ እስከሚቆምበት ያለው ነው። አብራሪው በድምፅ ማጉያ «የበረራ ጊዜያችን 40 ደቂቃ ነው» ሲል አየር ላይ ያለውን ብቻ ይናገራል። ሁለቱ ቢለያዩ ዘገየ ማለት አይደለም።

አገሪቱ በሙሉ በአንድ ሰዓት ስለምትመራ ለአገር ውስጥ የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው ቢቀንሱ ትክክለኛው ርዝመት ይወጣል። ከውጭ ለሚመጡ ግን አይሠራም። ሪያድና ጅዳ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናቸው፤ ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድማለች፤ እስራኤል በበጋ ሰዓት ስትሆን እኩል፣ በሌላው ጊዜ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

5. የትኬቱን ሰዓትና ቀን በእኛ አቆጣጠር ይጻፉት

ከሁሉም ስህተት ያሳዝነኛል የምለው ይህኛው ነው፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሻንጣውን አስሮ፣ በሰዓቱ እንደመጣ እያመነ አውሮፕላኑ ሄዶ ይጠብቀዋል። በተለይ ለእናት ለአባትዎ ትኬት ቆርጠው የሚልኩ ከሆነ ይህን ደረጃ እርስዎ ይሥሩላቸው፤ ለእነሱ አይተዉት።

ትኬቱ የሚጻፈው ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው ባለ 24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ ለመመለስ እንዲህ ያድርጉ፦ ከ07:00 እስከ 18:59 ያለውን 6 ይቀንሱበት። 13:15 ማለት ከቀኑ 7፡15 ነው፤ 18:30 ከምሽቱ 12፡30 ነው። ከ07:00 በፊት ያለውን 6 ይጨምሩበት፤ 06:40 ማለት ከንጋቱ 12፡40 ነው። ከ19:00 ጀምሮ ያለውን 18 ይቀንሱበት፤ 20:00 ማለት ከምሽቱ 2፡00 ነው።

ከሌሊቱ ጋር የተያያዘው ደግሞ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእኛ ልማድ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ በትኬቱ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑ ይቀየራል። ትኬቱ 12ኛው ቀን 00:30 ካለ፣ በ11ኛው ቀን ማታ እራትዎን በልተው የሚሄዱበት ሌሊት ማለት ነው። «ለ12 ሌሊት» ብሎ በማግስቱ ሌሊት የሚመጣ ሰው 24 ሰዓት ዘግይቷል። ይህ የሚያጋጥመው ብዙ ጊዜ ከውጭ በሌሊት ገብተው ጠዋት ወደ ክልል ለሚቀጥሉ ተጓዦች ነው።

ቀኑንም ይመልሱ። ትኬቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ በአራት ዓመት አንዴ ግን ጳጉሜን 6 ስትሆን ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሸሻል፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር። ያ የአንድ ቀን ሽሽት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ስለሚዘልቅ የገናና የጥምቀት ተጓዦችን ያሳስታል። በልብ አያስሉ፤ የቀን መቁጠሪያ ይዩ፣ የሳምንቱንም ቀን አብረው ይጻፉ። «ሐሙስ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ብዙ ስህተት ያስቀራል።

6. አዲስ አበባ ላይ ያለውን ሽግግር ያስተካክሉ

እዚህ የሚወስኑት ውሳኔ ጉዞው ስድስት ሰዓት ወይም ሁለት ቀን እንዲሆን ያደርገዋል።

በመጀመሪያ፣ ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት ይግዙ። ከባሕር ዳር ጅማ ብለው በአንድ ጊዜ ከቆረጡ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎ በሚቀጥለው በረራ ማስቀመጥ የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው። ባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ትኬት፣ አዲስ አበባ ጅማ ሌላ ትኬት አድርገው ከገዙ ግን ሁለተኛው ትኬት ስለ መጀመሪያው የሚያውቀው ነገር የለም፤ እንደ ቀረ ሰው ይቆጠራሉ። ሁለት ትኬት የሚገዛ ሰው አንዳንዴ የሚመቸው ሰዓት ስላገኘ ነው፣ አንዳንዴም አንዱን እሱ ሌላውን ዘመድ ስለከፈለ ነው። ምክንያቱ ምንም ቢሆን፣ እንዲያ ካደረጉ በመካከል ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይተዉ።

በአንድ ትኬት ከሆነ ሥርዓቱ ራሱ የሚበቃውን አጭር ጊዜ አስልቶ ያቀርብልዎታል። ቢሆንም አንድ ሰዓት ብቻ የሚተውን ምርጫ ከሕመምተኛ፣ ከአረጋዊ ወይም ከሕፃናት ጋር አይውሰዱ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይሻላል። ሽንት ቤት መሄድ፣ ውኃ መጠጣት፣ በተሽከርካሪ ወንበር መገፋት ሁሉ ጊዜ ይበላል፤ የመሳፈሪያው በርም አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ይዘጋል። ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስፈልግ ከሆነ ትኬት ሲቆርጡ ያስመዝግቡ፤ በዕለቱ መጠየቅ ይቻላል፣ ነገር ግን ተራ ያስጠብቃል።

ሻንጣዎን መነሻው ላይ ሲያስረክቡ የሚታሰርበትን ወረቀት ያንብቡ። መጨረሻው ላይ ጄ-አይ-ኤም የሚል ከሆነ ጅማ ላይ ይረከቡታል። ኤ-ዲ-ዲ ብቻ የሚል ከሆነ አዲስ አበባ ላይ አውርደው እንደገና ማስመዝገብ አለብዎ፤ ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ሻንጣ ማስረከቢያው ላይ ቆመው እያሉ ይጠይቁ፤ ከሄዱ በኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። የሁለተኛውን በረራ መሳፈሪያ ወረቀትም እዚያው መነሻው ላይ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። መድኃኒት፣ የሐኪም ወረቀትና መታወቂያ በምንም ምክንያት ሻንጣ ውስጥ አይግቡ፤ በእጅዎ ይያዙ።

ከዓለም አቀፍ በረራ ወደ አገር ውስጥ የሚሸጋገሩ ሰዎች ጉዳይ ይለያል። ፓስፖርት ማስመታት አለ፣ ሰልፍ አለ፤ የአገር ውስጡ ተሳፋሪ የሚስተናገድበት ሕንፃም ከዓለም አቀፉ የተለየ ነው። ከሦስት ሰዓት በታች አይያዙ። የተፈቀደውን የሻንጣ ኪሎም ይጠይቁ፦ ከውጭ ሁለት ትላልቅ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው የአገር ውስጡን ለብቻው ከቆረጠ የሚሠራበት የአገር ውስጡ መጠን ነው፤ ትርፉን ይከፍላል። ዓለም አቀፍ ትኬትዎን አይጣሉ፤ የአገር ውስጡ ዋጋ ላይም ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

7. ከደጅ እስከ ደጅ ይደምሩ፣ ከመኪናው ጋር ያወዳድሩ

አሁን ወረቀትዎ ላይ አንድ በአንድ ይጻፉ። ለባሕር ዳር ጅማ እንዲህ ይመጣል፦ ከቤት ባሕር ዳር አየር ማረፊያ ግማሽ ሰዓት። ከበረራ በፊት መገኘት ሁለት ሰዓት። በረራ አንድ ሰዓት። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሁለተኛው በረራ 50 ደቂቃ። ጅማ ላይ ሻንጣ መረከብና መውጣት ግማሽ ሰዓት። እስከ መድረሻ ቤት 20 ደቂቃ። ድምሩ 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ ከዚህ ውስጥ አውሮፕላን ውስጥ የሚቀመጡት ሁለት ሰዓት አይሞላም። ለቤተሰብ መንገር ያለብዎ ቁጥር ይህ ነው።

በመኪና ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ድምሩ ከ900 ያልፋል። በአየር 333 የነበረው መሬት ላይ 560 የሆነው መንገዱ ዓባይ በረሃን ወርዶ ስለሚወጣና ተራራውን እየዞረ ስለሚሄድ ነው። ይህ የሁለት ቀን ጉዞ ነው፤ አውሮፕላኑ ያለ ጥርጥር ይሻላል።

ባሕር ዳርና ጎንደር ግን ሌላ ነገር ነው። በአየር 102 ኪሎ ሜትር፣ በመኪና ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። በአዲስ አበባ በኩል ልብረር ቢሉ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ዞረው ቀኑን ሙሉ ያባክናሉ፤ መኪናው በሦስት ሰዓት ተኩል ያደርስዎታል። ጎንደርና ላሊበላም በወረታና በጋሸና በኩል ያለው መንገድ የአንድ ቀን ጉዞ ስለሆነ ቀጥታ በረራ ካልተገኘ ሁለቱን አመዛዝነው ይወስኑ። ላሊበላ ላይ አየር ማረፊያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚርቅ አብረው ይቁጠሩ። መኪናውን ከመረጡ መንገዱ ሰላምና ክፍት መሆኑን በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሹፌር ያረጋግጡ።

እኔ የምከተለው ልክ ይህ ነው፦ መኪናው ከስድስት ሰዓት በታች የሚያደርስ ከሆነና በአዲስ አበባ በኩል መዞር ካለ፣ በመኪና ይሂዱ። ተጓዡ ሕመምተኛ ከሆነ ግን ይህን ልክ ይርሱትና የሐኪሙን ምክር ይጠይቁ፤ ለአንዳንድ ሕመም የመንገዱ መንገጫገጭ፣ ለአንዳንዱ ደግሞ የአውሮፕላኑ ከፍታ ይከብዳል።

8. ወቅቱንና የቀኑን ክፍል ይምረጡ

ከጠዋቱ በረራ ይጀምሩ። ማኮብኮቢያቸው ላይ የማታ መብራት የሌላቸው የክልል ማረፊያዎች ስላሉ፣ ከሰዓት በኋላ የዘገየ በረራ ጨለማ ከቀደመው ወደ ማግስቱ ይዛወራል። ጠዋት የዘገየ ግን ከሰዓት የሚሄድበት ዕድል አለው። ሙቀት በሚበረታባቸው እንደ ጋምቤላ ባሉ ቦታዎችም ጠዋት ይሻላል፤ አየር ሲሞቅ ስለሚሳሳ አውሮፕላን የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል። ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ቀድሞውንም ስስ ነው።

በክረምት ግን ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ነጎድጓድ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ በመካከል የሚተዉትን ሰዓት በአንድ ሰዓት ያሳድጉ። ለጥምቀት ጎንደር፣ ለገና ላሊበላ፣ ለኅዳር ጽዮን አክሱም የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የአየሩ ሁኔታ ሳይሆን ወንበር ነው። የመሄጃውን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውንም አስቀድመው ይያዙ፤ ከበዓሉ ማግስት ሁሉም በአንድ ቀን ነው የሚመለሰው።

9. የዋዜማው ዕለትና ሽግግሩ ቢያመልጥ

ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ መተግበሪያውን ወይም የአየር መንገዱን ቢሮ አይተው ሰዓቱ አለመቀየሩን ያረጋግጡ። የአገር ውስጥ ሰዓት በአንድ ቀን ልዩነት ሊሸጋሸግ ይችላል፤ መልእክቱ የሚላከው ትኬቱ ላይ በተመዘገበው ስልክ ነው። ትኬቱን የቆረጠልዎ ወኪል ከሆነ ብዙ ጊዜ የተመዘገበው የወኪሉ ስልክ ነው፤ የራስዎን እንዲያስገባ ያድርጉ።

የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጠዎ ከማረፊያው አይውጡ። የመጀመሪያውን መሳፈሪያ ወረቀት ይዘው በቀጥታ የተሸጋጋሪ መንገደኞች መስተናገጃው ጋ ይሂዱ፤ ያ ወረቀት መዘግየቱ የእርስዎ እንዳልሆነ ያሳያል። በዚያው ቀን ሌላ በረራ ካለ ስምዎን ያስመዝግቡ፤ ከሌለ ማደሪያና ምግብ ይሰጥ እንደሆነ እዚያው ይጠይቁ፣ የተሰጠዎትንም አዲስ ሰዓት በጽሑፍ ይቀበሉ። ሻንጣዎ አስቀድሞ ጅማ ሄዶ ወይም አዲስ አበባ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ያለበትን ያስጠይቁ። ከዚያ ወዲያው ጅማ ላይ ለሚጠብቅዎ ሰው ደውለው አዲሱን ሰዓት ይንገሩ፤ በእኛ አቆጣጠር፣ ከሳምንቱ ቀን ጋር።